ሐረጎን በጥሩምባ

ሐረጎን ቁልቁል የወረደ ሰው ሁሉ ብስክሌተኛ ነኝ ይላል። እኔም ብዬ ነበር። ከደሴ ተነስታችሁ ኮምቦልቻ እስክትደርሱ ድረስ የሚነዳችሁ መንገዱ ራሱ ነው፤ የእናንተ ድርሻ ኮርቻው ላይ ተቀምጦ የምታምኑትን አምላክ መጥራት ብቻ ነው። ብስክሌተኛና ብስክሌት ላይ የተቀመጠ ሰው የሚለዩት ሲመለሱ ነው። ይህን የተማርኩት በደርግ ጊዜ፣ በአንድ እሑድ ነው። ያን ቀን የተማርኩት ይህን ብቻ ቢሆን ኖሮ ደግሞ ምን ቸገረኝ!

ሙያዬ ፀጉር ማስተካከል ነው። ሰኞ ገበያ ዳር አንዲት ጠባብ ቤት ነበረችኝ፤ ሁለት ደንበኛ ከገባ አንደኛው መስታወቱን አቅፎ ነው ተራውን የሚጠብቀው። ፀጉር አስተካካይ ደግሞ፣ መቼም ታውቁታላችሁ፣ መቀሱ ቢያርፍ አፉ አያርፍም። ሚስቴ "አንተን እኮ ሰው የሚከፍልህ ፀጉሩ ስላጠረ ሳይሆን ወሬህ ስላለቀ ነው" ትለኛለች። እውነቷን ነው። የዚያ ሁሉ ጣጣ መነሻም ይኸው አፌ ነው።

ከቤቴ ፊት ለፊት አያ ሰይድ የሚባሉ ብስክሌት አከራይ ነበሩ። የደሴ ልጅ ብስክሌት የለመደው በእሳቸው ብስክሌት ነው፤ የወደቀውም ከእሳቸው ብስክሌት ላይ ነው፤ ቤቱ ገብቶ የተገረፈውም በእሳቸው ብስክሌት የተነሳ ነው። ቁጡ ናቸው። ሰዓት ያሳለፈ ልጅ ሲያዩ "አንተ ሌባ!" የሚለው ድምፃቸው ገበያውን አቋርጦ ሽንኩርት ሻጮቹን ያስደነግጣል። ልጁ ወድቆ፣ ጉልበቱ ተልጦ ከመጣ ግን ቁጣቸው የት እንደሚገባ እንጃ፣ አጎንብሰው ደሙን በገዛ እጃቸው ያጥባሉ፤ ሒሳብም አይጠይቁም። ይህን የምነግራችሁ ሰምቼ አይደለም፤ ከታጠቡት ጉልበቶች ሁለቱ የኔ ናቸው።

ያ ድምፅ አንድ ቀን መሻከር ጀመረ። ብርድ ነው ተባለ። ዝንጅብል በማር ተጠጣ፤ ጥቁር አዝሙድ ታኘከ፤ ዱዓ ተደረገ። ድምፁ ግን እየቀነሰ፣ እየቀነሰ ሄዶ ሽንኩርት ሻጮቹ በሰላም መሸጥ ጀመሩ። ያኔ ነው ሁላችንም የፈራነው። ባለቤታቸው እትዬ ዘሃራ እየጎተቱ ቦሩ ሜዳ ሐኪም ዘንድ አደረሷቸው፤ ሐኪሙም ጉሮሯቸው ላይ ነቀርሳ እንዳለ ተናገረ። ዛሬ ካንሰር የሚባለው ነው። ያኔ ስሙን ደፍሮ የሚጠራው የለም፤ "ያ ክፉው" ነበር የሚባለው። አዲስ አበባ ሄደው በጨረር ከታከሙ ተስፋ አለ፤ ከቆዩ ግን የለም፣ አለ ሐኪሙ።

አያ ሰይድ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ሰው ፊት እጄን ዘርግቼ የምገዛው ዕድሜ ይቅርብኝ።" ብስክሌቶቹን ይሽጡ ሲባሉ ደግሞ "ልጆቹ ምን ሊነዱ ነው?" ብለው ወደ አግዳሚ ወንበራቸው ተመለሱ። ወላሂ በሰው ገንዘብ አልታከምም አሉ፤ እሳቸው ወላሂ ካሉ ደግሞ አለቀ። እትዬ ዘሃራ እኔ ቤት መጥተው፣ ደንበኛ በተቀመጠበት፣ "ልጄ፣ ሰውዬው ዐይኔ እያየ ሊያልቅብኝ ነው" ብለው አለቀሱ። እኔም መቀሱን አስቀምጬ "እትዬ፣ እኔ እያለሁ!" አልኩ። እኔ እያለሁ ማለት ቀላል ነው። ብዙ ሰው የጠፋው በዚሁ ነው።

ወንበሩ ላይ የነበረው ደንበኛ መምህር ግርማ ነው። የስፖርት አስተማሪ ነው፤ ጴንጤ ነው፤ ድምፅ አውጥቶ መጸለይ በሚያሳስርበት በዚያ ጊዜ በሆዱ ብቻ መጸለይን የተካነ ሰው ነው። ግማሽ ፀጉሩ ተቆርጦ ግማሹ እንደቆመ ወደ እኔ ዞረ።

"ውጭ አገር እኮ ለነቀርሳ ሕሙማን ሰዎች ተሰብስበው ረጅም መንገድ ብስክሌት ይነዳሉ። ሕዝቡም ገንዘብ ይሰጣል" አለ።

"ስለነዱ ለምን ይሰጣቸዋል?" አለ ከበሩ ላይ ኢብራሂም። ኢብራሂም ከጎኔ ያለው ዳቦ ቤት ጋጋሪ ነው። "ቆሞ መለመን አይቀልም?"

"ድካማቸውን አይቶ ነው የሚሰጠው።"

"ድካምማ አህያም ይደክማል፤ ማን ሰጣት?"

ኢብራሂም አልተሳሳተም። እኛ አገር ገንዘብ የሚዋጣው ሰው ሲሞት ነው። ሌላው እድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። የቅሬ ጥሩምባ ሲነፋ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም ያለውን ይዞ ይወጣል፤ የሞተውን ባያውቀውም ይወጣል። የሰፈራችን ጥሩምባ ነፊ ደግሞ ራሱ ኢብራሂም ስለሆነ ደንቡን ያውቀዋል። ለታመመ ሰው ግን ደንብ የለም። የታመመ ወይ ይድናል፣ ወይ ደንቡ ውስጥ ይገባል። ቢሆንም እኔ "እኔ እያለሁ" ብያለሁ። ስለዚህ ከእኛ ከሦስታችን ሌላ ሦስት የሰፈር ጎረምሶች ጨመርንና እሑድ በብስክሌት ኮምቦልቻ ወርደን፣ ገንዘብ ለምነን፣ ዳገቱንም በፔዳል ልንመለስ ወሰንን።

ወሰንን ማለት ቀበሌ ሄድን ማለት ነው። ያኔ ስድስት ሰው አብሮ ለመሳቅም ፈቃድ ያስፈልገዋል። ሊቀመንበሩ ማመልከቻችንን ኮስተር ብሎ ሲያነብ ቆይቶ "ነቀርሳ" የሚለው ላይ ሲደርስ ፊቱ በራ።

"ጥሩ ነው! ኢምፔሪያሊዝም የሰው ልጅ ነቀርሳ ነው። ፀረ ኢምፔሪያሊስት ጉዞ ነው ማለት ነው?"

"ጓድ ሊቀመንበር፣ የጉሮሮ ነቀርሳ ነው" አለ ግርማ። እውነት መናገር የሚወድ ሰው ነው፤ አያድርስባችሁ።

እግሩን ረገጥኩትና "ሁለቱንም ይመለከታል፣ ጓድ" አልኩ። ፈቃዱ ተሰጠን። ግን ጭራ ነበረው። የሚጻፍ ነገር ካለ መጀመሪያ ካድሬው ሊያየው ይገባል፤ ካድሬው ደግሞ ስብሰባ ሄዷል፤ መቼ እንደሚመለስ የሚያውቅ የለም። የድምፅ ማጉያውም የቀበሌው ንብረት ነው፤ ከግቢ አይወጣም።

"ታዲያ ለማን እንደምንለምን ሰው በምን ይወቅ?" አለ ግርማ ስንወጣ።

እኔ መፍትሔ አጥቼ አላውቅም። ፎቶ ጽሑፍ አይደለም፤ ካድሬም አያስፈልገውም። እትዬ ዘሃራ የአያ ሰይድን ትልቁን ፎቶ ከግድግዳ ላይ በድብቅ አወረዱልኝና የብስክሌቴ መሪ ላይ በሲባጎ ላስረው ወሰንኩ። በድምፅ ማጉያው ፋንታ ኢብራሂም የቅሬውን ጥሩምባ አመጣ። ግርማ ደግሞ ስፖርተኛ አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳል ብሎ ድርቅ ስላለ ኅብረት ሱቅ ጨርቅ ጠየቅን። የነበረው አንድ ቀለም ብቻ ነው፤ ጥቁር። ጥቁር ቆሻሻ አይዝም ብለን ተጽናናንና ስድስት ሸሚዝ አሰፋን።

እንግዲህ ቁጭ ብላችሁ አስቡት። ስድስት ጥቁር የለበሱ ወንዶች፣ ከፊት ፎቶ፣ ከኋላ የቅሬ ጥሩምባ። እናንተ አሁን ገብቷችኋል። እኛ ግን ስድስት ጭንቅላት ተሸክመን አልገባንም።

ብስክሌቶቹንስ ከማን የተከራየን ይመስላችኋል? ከራሳቸው ከአያ ሰይድ! ሌላ አከራይ ከየት ይምጣ? የስፖርት ቀን ነው አልናቸው። ፎቶውን በኩታ ሸፍኜ ይዤዋለሁ፤ መሪው ላይ ያሰርኩት ከዐይናቸው ስንርቅ ነው። በዚያች በሻከረች ድምፃቸው "ፍሬናቸው አልታደሰም፤ ቁልቁለት እንዳትሄዱባቸው" አሉን። "ኧረ አያ፣ ሜዳ ለሜዳ ነው" አልኩ። ሐረጎ ይህን ሰምቶ ሳይስቅ አይቀርም።

ሁለተኛው ኩርባ ላይ ፍሬን የሚባል ነገር እንደሌለኝ አረጋገጥኩ። ፍሬኔ የግራ እግሬ ጫማ ነበር፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ሶሉን መንገዱ ላይ ጥሎ ቀረ። ያ በሆዱ የሚጸልየው ግርማ ከኋላዬ ገደሉ እስኪያስተጋባ ድረስ "ጌታ ሆይ!" እያለ ይጮኻል። ኢብራሂም ብቻ አልፈራም። በአንድ እጁ መሪውን፣ በሌላው ጥሩምባውን ይዞ ይነፋል። ምን ይንፋ? ዕድሜውን ሙሉ የሚያውቀው አንድ አነፋፍ ነው። ነፍቶ ሲጨርስም አፉ የለመደውን ይለፍፋል፤ "ወገን! የአያ ሰይድ ነገር ነው! ያለህን ይዘህ ና! የሰማህ ላልሰማ አሰማ!" ከዚያ በላይ ለማስረዳት መቆም ያስፈልጋል። መቆም ደግሞ አንችልም።

በየመንደሩ አራሹ በሬውን አቁሞ ባርኔጣውን ያወልቃል። ሴቶች ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ከየደጃፉ ይወጣሉ። እኔ እንዴት ያለ ስፖርት አክባሪ ሕዝብ ነው እያልኩ ልቤ ይሞላል። አንዲት እናት ደረታቸውን ሲደቁ አይቼ፣ አይዟችሁ ማለታቸው መስሎኝ፣ እጄን ከመሪው አንስቼ ሰላም አልኳቸው፤ ገደል ለመግባት ትንሽ ነው የቀረኝ። ኮምቦልቻ መግቢያ ኬላው ላይ ያለው ሚሊሻ ወረቀት ሳያይ ወፍ አያሳልፍም ይባል ነበር። ገመዱን ፈጥኖ ዝቅ አድርጎ፣ ጠመንጃውን ዘቅዝቆ፣ አንገቱን ደፋልን። ይህ ሁሉ ሲሆን አሁንም አልገባኝም።

ኮምቦልቻ የቆምነው አንድ የድርቆሽ ክምር ውስጥ ገብተን ነው። ስንወጣ ነፋሱና አቧራው የስድስታችንንም ዐይን አቅልቶ እንባችን ይወርዳል። የፋብሪካ ሠራተኞች ፈረቃ የሚቀይሩበት ሰዓት ስለነበር ሰዉ ወዲያው ከበበን። ግርማ ንግግሩን ሲለማመድ ነው የሰነበተው። "የተከበራችሁ የኮምቦልቻ ነዋሪዎች፣ አያ ሰይድ..." ብሎ ጀመረና አቧራው ጉሮሮውን ያዘው፤ ድምፁ ተቆረጠ። በቃ። ከመሀል አንዲት ሴት እሪ አለች። እሪታው እንደ ሰደድ እሳት ተቀጣጠለ። ደሴ ተምሮ የወረደው ሁሉ አያ ሰይድን ያውቃቸዋል። የኢብራሂም ኮፍያ ሞላ፤ የግርማ ኮፍያ ሞላ። ሳንጠይቅ ይሰጣሉ፤ ሰጥተው ደግሞ ትከሻችንን ይዘው ያለቅሳሉ።

"እንዲህ ያለ ሕዝብ እያለ እስከ ዛሬ ምን ነካን!" አልኩት ኢብራሂምን። እኔም አብሬ አለቀስኩ፤ በደስታ።

አንዲት አሮጊት ሰዉን ገፋ ገፋ አድርገው መጥተው እጄን ያዙ። "ልጄ፣ ቀብሩ ከዙህር ሶላት በፊት ነው በኋላ?"

"የማን ቀብር፣ እናቴ?"

"ኧረ የሰይድ ነዋ!"

ሸሚዜን አየሁ። ፎቶውን አየሁ። ኢብራሂምን አየሁት፤ ጥሩምባውን ደረቱ ላይ አቅፎ ዐይኑ ፈጧል፤ እሱም ገና ያኔ እየገባው ነው።

"እናቴ፣ አያ ሰይድ አልሞቱም! ታመው ነው! ለሕክምናቸው ነው የምንለምነው!"

"አብሽር ልጄ፣ አብሽር" አሉ ጀርባዬን እያሻሹ። ወደ ጎን ዞረውም "ሐዘኑ አዙሮታል፤ ውሃ አምጡለት" አሉ።

ውሃውን ጠጥቼ ቀና ስል አሮጊቷን ጨምሮ ሕዝቡ አንድ አሮጌ ኤንትሬ የጭነት መኪና ላይ እስከ አፉ ተጭኖ ወደ ደሴ ሲነሳ አየሁ። ያኔ ነው የምር የደነገጥኩት። እትዬ ዘሃራ! እሑድ እሑድ ወፍጮ ቤት ነው የሚውሉት፤ ባላቸውን ከጠዋት ጀምሮ አላዩም። ባሏ በክፉው የታመመባት ሴት መኪና ሙሉ ለቀስተኛ በድንገት ሲመጣባት ምን ትሆናለች?

"ድርቅ ብለው ነው የሚቀሩት" አለ ኢብራሂም።

ግርማ ኮፍያዎቹን ታቅፎ "ይሄ ገንዘብ በሐሰት የመጣ ነው፤ እንመልሰው" ይላል።

"ለማን ትመልሳለህ? ሰዉ መኪናው ላይ ነው! ንዳ!" አልኩት።

ነዳን። ሐረጎን በአሮጌ ብስክሌት ሽቅብ የነዳ ሰው መቀለድ አይችልም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ታገሡኝ። ሦስቱ ጎረምሶች የመጀመሪያው ኩርባ ላይ ሣር ላይ ተዘርረው ቀሩ። እግሬ ሊጥ ሆነ፤ ሶል የሌለው ጫማዬ ከፔዳሉ ይንሸራተታል። ብሞት አልወርድም አልኩ። ወረድኩ። ገፋሁ። እንደገና ወጣሁ። እንደገና ብሞት አልወርድም አልኩ። ጠዋት ባርኔጣ ያወለቀልን አገር ሁሉ አሁን በየመንገዱ ዳር ወደ ደሴ ለቀብር በእግሩ እየወጣ ነው፤ ሲያዩን መንገድ ይለቁልናል፤ "ብሉ፣ ለቅሶ ጉልበት ይፈልጋል" ብለው ዳቦ ያጎርሱናል። አልሞቱም እያልን ጎረስን። ምን እናድርግ፣ እርቦናል። ግን ስሙኝ፣ በዕድሜዬ እንደዚያን ቀን አንድ ነገር ከልቤ ፈልጌ አላውቅም። የእትዬ ዘሃራ ፊት ከዐይኔ አልጠፋ አለኝ።

ኤንትሬ ሲጫን ሐረጎ ላይ ከሰው እርምጃ አይሻልም፤ ወደ ጫፉ ሲቃረብ ደረስንበት። ሦስታችንም ከኋላ የተንጠለጠለውን ገመድ ያዝን።

"አልሞቱም!" ብዬ ወደ ላይ ጮህኩ።

ያቺ አሮጊት ብቅ አሉ። "እውነትህን ነው ልጄ! ደግ ሰው አይሞትም!"

"በሕይወት አሉ! ጠዋት ብስክሌት ያከራዩኝ እሳቸው ናቸው!"

"እኔም ትናንት በሕልሜ አይቻቸዋለሁ!" አለ አንድ ሰውዬ፤ መኪናው በሙሉ እሪ አለ።

ኢብራሂም ትዕግሥቱ አለቀ። "ስሙ! ጥሩምባውን የነፋሁት እኔ ነኝ! አልሞቱም የምላችሁም እኔው ነኝ!" አለና እንዲያምኑት ጥሩምባውን ነፋው። ከዚያ በኋላ ማን ይስማን!

ዳገቱ ሲያልቅ መኪናው ፈጠነ፤ ገመዱ ከእጃችን ወጣ። ሰኞ ገበያ ስንደርስ ለቀስተኛው ወርዶ መንገዱን ሞልቶታል። አያ ሰይድ አግዳሚያቸው ላይ ጎማ ሲለጥፉ ነበር። ለቅሶ ሲሰሙ ማስቲሹን አስቀመጡ፤ ኩታቸውን ትከሻቸው ላይ ጣል አድርገው እንደ ወጉ ከለቀስተኛው ጋር ተቀላቀሉ። ለቅሶ እያለፈ ቁጭ የሚል ወሎዬ የለም። ከጎናቸው ያለውን ሰው በሹክሹክታ ሲጠይቁት እኔ ደረስኩ።

"ማነው የሞተው?"

"ሰይድ።"

"የቱ ሰይድ?"

"ብስክሌት አከራዩ።"

"ኢና ሊላሂ! መቼ?" አሉ አያ ሰይድ። ከዚያ እግራቸው ቆመ።

ሰውዬውም ቆመ። ዞሮ አያቸው። አሮጊቷም አዩአቸው። ለቅሶው ከፊት ወደ ኋላ እየተቆረጠ ሄዶ ጸጥ አለ። ግማሹ "ያ ረቢ!" ብሎ ሸሸ፤ ግማሹ ሊነካቸው ቀረበ።

በዚያ ጸጥታ መሀል እትዬ ዘሃራ መጡ። ወሬው መንገድ ላይ አግኝቷቸዋል። ፊታቸው ዱቄት ነው፤ አንድ እግራቸው ጫማ የለውም። ሰዉ መንገድ ከፈተላቸው። ባላቸውን ቆመው አዩአቸው። አልጮኹም። ቀርበው የባላቸውን ጉንጭ ዳሰሱ፤ ዱቄት ነካቸው። ከዚያ ጡጫቸውን ጨብጠው ደረታቸው ላይ ደጋግመው መቱአቸው፤ ከዚያ እዚያው ደረት ላይ ወደቁ። አለቀስኩ። አሁን አቧራ አልነበረም።

ግርማ ኮፍያዎቹን ይዞ ወደ ፊት ወጣና ሁሉንም ተናገረ፤ ጥሩምባውን፣ ፎቶውን፣ ጨርቁን። "ገንዘባችሁን ውሰዱ፤ ይቅር በሉን" አለ። አንድ ሁለት እጅ ወደ ኮፍያው ተላከ፤ ምን ልደብቃችሁ። የቅሬያችን ዳኛ ሼህ እንድሪስ መሬቱን በምርኩዛቸው መቱት።

"ቅሬ ወጥቶ የተመለሰበት አገር የት ነው? ለመቅበሪያ የሰጠኸውን ለማዳኛ ልትከለክለው ነው? እጅህን ሰብስብ!"

እጆቹ ተሰበሰቡ። አያ ሰይድ ግን ራሳቸውን ነቀነቁ። ድምፃቸውን ለመስማት ሰዉ ሁሉ ተጠጋ።

"ሼህ እንድሪስ፣ እርስዎም ያውቁታል፤ ያልሞተ ሰው የቅሬ ገንዘብ አይበላም። እኔ ደግሞ ወላሂ ብያለሁ።"

"የወላሂህ ማካካሻ ከፋራ አለው፤ ጾመህ ትወጣዋለህ።"

"አልፈልግም፣ ሼህ። ሰው ፊት መቆም አልችልም።"

ተስፋዬ ተቆረጠ። ያን ሁሉ ዳገት የወጣሁት ለዚህ ነው? ብዬ አፌን ልከፍት ስል፣ እኔ ደግሞ ስከፍት ምን እንደሚመጣ ታውቃላችሁ፣ እትዬ ዘሃራ ቀደሙኝ። ዐይናቸውን በመዳፋቸው ጠርገው ቀጥ ብለው ቆሙ።

"ሰይድ፣ እኔ ዛሬ ከወፍጮ ቤት እዚህ ድረስ ባሏ የሞተባት ሴት ሆኜ ነው የመጣሁት። መንገዱን አየሁት። ሁለተኛ አልሄድበትም። ያንተን ለቅሶ ዛሬ አልቅሼ ጨርሻለሁ፤ ሌላ የለኝም። ትታከማለህ።"

አያ ሰይድ ሚስታቸውን አዩ። ከዚያ ዙሪያቸውን የቆመውን ሰው አንድ በአንድ አዩ፤ የሥራ ልብሱን ሳይቀይር መኪና ላይ የተጫነውን፣ በእግሩ ዳገቱን ወጥቶ ገና የሚያለከልከውን። ጉሮሯቸውን ሊያጠሩ ሞከሩ፤ አልጠራም።

"የጠዋቱ የአዲስ አበባ አውቶቡስ ስንት ሰዓት ነው የሚነሳው?" አሉ።

ለቀስተኛው በሙሉ በአንድ አፍ "አሥራ ሁለት ሰዓት!" አለ።